ፎርማት የማይደርስበት ቫይረስ

በኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ዘወትር የሚሰማ አቤቱታ አለ፤ «ፎርማት አስደርጌው ነበር፣ ቫይረሱ ግን ተመልሶ መጣ።» ፎርማትን የመጨረሻው መድኃኒት አድርገን ስለምናይ፣ እሱም ካልሠራ ማሽኑ አይድንም ብለን ተስፋ እንቆርጣለን። ተስፋ መቁረጥ ግን አያስፈልግም። ከፎርማት የሚተርፍ ቫይረስ በእርግጥ አለ፤ የሚደበቅበት ቦታ ይታወቃል፤ የሚወገድበት መንገድም አለ። መንገዱን ለማግኘት ፎርማት የሚነካውንና የማይነካውን መለየት ይቀድማል።

ላፕቶፕ ሲበራ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ የሚያነበው ሃርድ ዲስኩን አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት እግር ያላት ቺፕ አለች። በዛሬዎቹ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 32 ሜጋባይት ትይዛለች። በውስጧ ያለው ሶፍትዌር ድሮ ባዮስ ነበር፤ ዛሬ ዩኢኤፍአይ የሚባለው ተክቶታል፤ የጥገና ባለሙያው ግን አሁንም ባዮስ ይለዋል። ሚሞሪውን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ዲስኩን ቀስቅሶ ሥራውን ለዊንዶውስ የሚያስረክበው እሱ ነው። ፎርማት የሚያጠፋው ዲስኩ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ቺፗ ውስጥ የገባ ቫይረስ ዲስኩ ቢጸዳም፣ በአዲስ ቢተካም አይነካም፤ አንቲቫይረሱ ከመነሳቱ በፊትም ሥራውን ይጀምራል። ነቀዙ ግድግዳው ውስጥ እያለ ጎተራውን ጠርጎ አዲስ እህል እንደማስገባት ነው።

ቺፗ በቫይረስ ልትጠቃ እንደምትችል ዓለም በሰፊው ያወቀው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1999 ነው። ቼን ኢንግ-ሃው የተባለ የታይዋን ተማሪ ከአንድ ዓመት በፊት የጻፈው ሲአይኤች የተሰኘ ቫይረስ በዚያ ዕለት ነቅቶ የብዙ ኮምፒውተሮችን ዲስክና የባዮስ ቺፕ አበላሸ። ዕለቱ የቼርኖቤል አደጋ የደረሰበት ቀን በመሆኑ ቫይረሱ «ቼርኖቤል» ተባለ። ሲአይኤች አጥፊ እንጂ ሰላይ አልነበረም። ቺፗን ለመደበቂያ የፈለጓት ሰላዮች የመጡት ቆይተው ነው።

በ2015 ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን የስለላ ሶፍትዌር አምራች ራሱ ተጠልፎ ምስጢሩ አደባባይ ወጣ። ከሾለኩት ፋይሎች መካከል ዲስኩ ፎርማት ቢደረግም የስለላ ፕሮግራሙን ደግሞ ደጋግሞ የሚጭን፣ ለዩኢኤፍአይ የተዘጋጀ ኮድ ተገኘ። የኩባንያው ስም ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2014 ባወጣው ጥናት፣ የዚህ ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ አገር በሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ እንደተሞከረ ገልጿል። ያ ሙከራ የተደረገው በተላከ ፋይል አማካይነት እንጂ በቺፕ በኩል አልነበረም። የሾለከው የቺፕ ኮድ ግን በሌሎች እጅ ገባ። በ2020 የጸረ ቫይረስ ኩባንያው ካስፐርስኪ «ሞዛይክ ሪግሬሰር» ብሎ የሰየመውን፣ ከዚሁ ኮድ የተሠራ ቫይረስ ይፋ አደረገ። የዘመቻው ዒላማዎች በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ ያሉ ዲፕሎማቶችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሠራተኞች ነበሩ።

ከሁሉም በላይ አሠራሩ የተብራራው ግን ሎጃክስ ነው። የስሎቫኪያው ኢሴት ኩባንያ በሴፕቴምበር 2018 ይፋ ሲያደርገው፣ በእውነተኛ ጥቃት ላይ ሲሠራ የተያዘ የመጀመሪያው የዩኢኤፍአይ ቫይረስ ነበር። ኢሴት ጥቃቱን ያያያዘው ሴድኒት ወይም ኤፒቲ 28 ከሚባለው፣ የአሜሪካ መንግሥት የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ ክንድ ነው ከሚለው ቡድን ጋር ነው። ዒላማዎቹ በባልካን፣ በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ ያሉ የመንግሥት ተቋማት ነበሩ። የስሙ መነሻ ሎጃክ የተባለ የጸረ ስርቆት ፕሮግራም ነው። ሎጃክ የተሰረቀ ላፕቶፕ ሌባው ፎርማት ቢያደርገውም እንዲገኝ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ሥሩን ባዮስ ውስጥ ይተክላል። ሰላዮቹ ሌባ ለመያዝ የተበጀውን ዘዴ ወስደው ለራሳቸው አዋሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ዊንዶውስ ውስጥ የገባው ፕሮግራም የቺፗን ይዘት ያነባል፤ የራሱን ቁራጭ ይጨምርበታል፤ የቺፗ መከላከያ በአግባቡ ካልተዘጋ መልሶ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ያ ቁራጭ ዲስኩ ላይ ሁለት ፋይሎችን ያስቀምጥና የዊንዶውስን መመዝገቢያ ይነካካል፤ ዲስክ በሚፈትሸው ፕሮግራም ፈንታ የእሱ ፋይል እንዲነሳ ያደርጋል። ዛሬ የተደመሰሰው ነገ ተመልሶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው መደበቂያ ዲስኩ ላይ ያለች፣ ተጠቃሚው የማያያት ትንሽ የማስነሻ ክፍል ናት። ኢሴት በ2023 የመረመረው ብላክ ሎተስ እዚያ ይሰፍራል። በድብቅ ገበያ በ5,000 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ አፕዴት በተደረገ ዊንዶውስ 11 ላይ እንኳ፣ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይነሳ የሚከለክል ዘበኛ ማለፍ ችሏል። ሲ ድራይቭን ብቻ ፎርማት የሚያደርግ ሰው ይህችን ክፍል ሳይነካ ያልፋል።

እንግዲህ ማጽዳቱ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። የመጀመሪያው ምርመራ ከማሽኑ ውጭ ነው። ከፎርማት በኋላ የሚመለስ አብዛኛው ቫይረስ ቺፕ ውስጥ የነበረ ሳይሆን እኛው መልሰን ያስገባነው ነው። ያልተፈተሸ ፍላሽ፣ ከድሮው ዲስክ የተገለበጠ ባክአፕ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የዊንዶውስ ኮፒ፣ አብሮት የሚጫን ክራክ፣ በአካውንታችን በኩል ተመልሶ የሚመጣ የብራውዘር ተጨማሪ፣ እነዚህ ተራ በተራ ይፈተሹ።

ሁለተኛው ሙሉ ፎርማት ነው። መጫኛው ፍላሽ በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ይዘጋጃል፤ ሲጫንም ትንሿ የማስነሻ ክፍል ሳትቀር የዲስኩ ክፍሎች በሙሉ ይሰረዛሉ። የይለፍ ቃሎችም ከንጹሕ መሣሪያ ይቀየራሉ።

ሦስተኛው ባዮሱን እንደገና መጻፍ ነው። ለማሽኑ ሞዴል በትክክል የሚሆነው ፋይል ከአምራቹ ይወርዳል፣ ይጫናል። አንዳንዱ አፕዴት ግን የቺፗን ሁሉንም ክፍል አይጽፍም፤ በተበከለ ማሽን ውስጥ ሆኖ መጻፍም ሙሉ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ያኔ ቺፗን በቀጥታ የሚያነብና የሚጽፍ፣ ፕሮግራመር የሚባል መሣሪያ ያስፈልጋል። ባለሙያው ኃይሉንና ባትሪውን አላቅቆ የቺፗን እግሮች በመቆንጠጫ ይይዛል፤ ይዘቷን ሁለት ጊዜ አንብቦ አንድ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ዋናውን ቅጂ ያስቀምጣል፤ ንጹሑን የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው። ጥንቃቄው ብዙ ነው። የማሽኑ መለያ ቁጥርና የዊንዶውስ ቁልፍ እዚያው ቺፕ ውስጥ ስለሚኖሩ በሌላ ማሽን ፋይል መተካት ያጠፋቸዋል። በ1.8 ቮልት የምትሠራ ቺፕ ላይ 3.3 ቮልት መልቀቅም ሊያቃጥላት ይችላል። ይህም ካልተቻለ፣ ኢሴት ለሎጃክስ እንደመከረው፣ የቀረው ማዘርቦርዱን መቀየር ነው።

መከላከሉ ከዚህ ሁሉ ይቀላል። ሴኪዩር ቡት እንደበራ ይቆይ፤ ቺፗ ውስጥ የሰፈረውን እንደ ሎጃክስ ያለ ቫይረስ ግን አያግድም። ዊንዶውሱም ባዮሱም አፕዴት ይደረጉ። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ባዮሱን ከአምራቹ ፋይል አድሶ ዲስኩን በሙሉ ፎርማት ሳያደርግ ሥራ ባይጀምርበት ይመረጣል።

የቺፕ ቫይረስ እስካሁን በአብዛኛው የተገኘው ምስጢራቸው በሚፈለግ ሰዎች ማሽን ላይ ነው። ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ፣ የመብት ተሟጋች፣ የኤምባሲ ሠራተኛ ጥርጣሬያቸውን ቀለል አድርገው ማየት የለባቸውም፤ የእነሱ ላፕቶፕ የሌሎች ሰዎችን ደኅንነትም ተሸክሟል። ለሁላችንም ግን አንድ ልማድ ይጠቅማል። ላፕቶፓችንን ከጥገና ቤት ስንረከብ «ፎርማት ተደርጓል» በሚል መልስ አንርካ። የትኛው የዲስክ ክፍል እንደተሰረዘ፣ መጫኛው ከየት እንደመጣ፣ ባዮሱ እንደታደሰ እንጠይቅ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ሦስቱንም ለመመለስ አይቸገርም።