ጊዜያዊው የእንስሳት ፓቶሎጂስት

ጊዜያዊ የእንስሳት ፓቶሎጂስት የሚባለው፣ ቋሚው ባለሙያ በወሊድ፣ በሕመም ወይም በጡረታ ሲለይ፣ አለዚያም ሥራ ሲደራረብ፣ ለሳምንታት ወይም ለወራት በውል ገብቶ የሞቱ እንስሳትን በድንና ከታመሙት የተቆረጠ ናሙና የሚመረምር ሐኪም ነው። እንግሊዞች «ሎከም» ይሉታል፤ ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን ፍቺው ወደ «ቦታ ያዥ» ይጠጋል። ሥራው በብሪታንያና በአሜሪካ የተለመደ ነው። ቀጣሪዎቹም የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲ ምርመራ ላቦራቶሪዎች፣ ከክሊኒኮች ናሙና የሚቀበሉ የግል ላቦራቶሪዎች፣ እንዲሁም አዳዲስ መድኃኒቶችን በእንስሳት ላይ የሚፈትሹ ድርጅቶች ናቸው።

ፓቶሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ በሽተኛውንም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አያየውም። ከእሱ የሚጠበቀው ምን እንደደረሰ መናገር ነው፦ ላሟ በምን ሞተች፣ ከውሻዋ ጡት የወጣው እብጠት ካንሰር ነው ወይስ አይደለም፣ በአንድ ሌሊት ያለቁትን ዶሮዎች የፈጃቸው ተላላፊ በሽታ ነው ወይስ መርዝ። መልሱ አንዳንዴ ከእንስሳው ባለቤት አልፎ አገር ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኒውዮርክ ሰዎች በአንጎል ብግነት ሲታመሙ በሽታው መጀመሪያ የሴንት ሉዊስ የአንጎል ብግነት ነው ተብሎ ነበር። በዚያው ሰሞን ቁራዎች በየመንገዱ ይረግፉ ነበር። የብሮንክስ መካነ እንስሳት ፓቶሎጂስት የነበሩት ዶክተር ትሬሲ ማክናማራ የሞቱትን የመካነ እንስሳቱን ወፎች ከፍተው ከመረመሩ በኋላ፣ የተባለው በሽታ ወፎችን እንዲህ አይፈጅም ብለው ተከራከሩ፤ ናሙናም ወደ ሌሎች ላቦራቶሪዎች ላኩ። በመጨረሻ የተገኘው ከዚያ በፊት በአሜሪካ ምድር ታይቶ የማያውቀው የዌስት ናይል ቫይረስ ሆነ።

ወደዚህ ሙያ የሚያደርሰው መንገድ ረጅም ነው። በአሜሪካ አራት ዓመት የእንስሳት ሕክምና የተማረ ሰው ሦስት ዓመት ገደማ በፓቶሎጂ ብቻ ይሰለጥናል፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው የአሜሪካ የእንስሳት ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ የሚያወጣውን ፈተና ያልፋል። አውሮፓ የራሷን ኮሌጅ ያገኘችው በ1995 ነው። ሙያው ሁለት ዘርፍ አለው፤ አንዱ የአካል ክፍልንና ሕብረ ሕዋስን ሲመረምር ሌላው ደምን፣ ሽንትንና ሌሎች የሰውነት ፈሳሾችን ይመረምራል። ባለሙያዎቹ ጥቂት በመሆናቸው፣ ሁለት ወይም ሦስት ፓቶሎጂስት ብቻ ያሉት ላቦራቶሪ አንዱ ሲጎድልበት ሥራው ወዲያው ይንገዳገዳል።

ሥራው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እንስሳው ከሞተበት ደቂቃ ጀምሮ የራሱ ኢንዛይሞች ሕዋሳቱን ማፍረስ ይይዛሉ። ቀድመው የሚጠፉት ቆሽትና የአንጀት ውስጠኛ ሽፋን ናቸው። የበሬ ጨጓራ ከሞት በኋላም ማብላላቱን ስለማያቆም ሆዱ ይነፋል፣ ሙቀቱም አይወርድም፤ በግም ጸጉሯ ሙቀቷን ይዞባት ቶሎ ትበላሻለች። በድኑን በማቀዝቀዣ ማቆየት ይረዳል። በረዶ እስኪሆን ማቆየት ግን ይጎዳዋል፤ ሕዋሱ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሕዋሱን ስለሚያፈርሰው በማይክሮስኮፕ የሚታየው መልክ ይበላሻል። ስለዚህ ወንበሩ ለአንድ ወር ባዶ ከዋለ የዚያ ወር ማስረጃ አይመለስም። ጊዜያዊ ሰው የሚፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጊዜያዊው ሐኪም የመጀመሪያ ቀን በርክክብ ያልፋል። ያልተዘጉ ጉዳዮች ስንት ናቸው? የትኛው ናሙና ተጨማሪ ቀለም ታዞለት ይጠበቃል? በሕግ ለመንግሥት መነገር ያለበት በሽታ ሲጠረጠር ለማን ይደወላል? የሪፖርቱ ቅጽ፣ የኮምፒዩተሩ አሠራር፣ የማቀዝቀዣው ቁልፍ፣ ሁሉም ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ይለያያል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ የተጠረጠረ እንስሳ አንጎል ማውጣት የሥራው አካል ነውና። ይህን ርክክብ በቅጡ ያላደረገ ላቦራቶሪ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ሰው ቢቀጥር፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በከንቱ ያጠፋል።

ቢላ ከመነሳቱ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ አባ ሰንጋ ይሆን? ደህና ሲግጥ የዋለ ከብት ድንገት ሞቶ ከተገኘ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም ከፈሰሰ፣ በድኑም ፈጥኖ ከተነፋ፣ አይከፈትም። ከጆሮው ደም ሥር ጥቂት ደም ተወስዶ፣ በስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በድኑ ከተከፈተ ባክቴሪያው አየር ያገኝና ወደ ስፖር ይለወጣል፤ ስፖሩም በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። «እዚህ አካባቢ አባ ሰንጋ የለም» የሚለው የቋሚ ሠራተኞች ቃል ለእንግዳው ሐኪም ዋስትና አይሆነውም።

ጥርጣሬው ከሌለ በድኑ ይከፈታል። ከብትና በግ በግራ ጎናቸው ይጋደማሉ፤ ትልቁ ጨጓራ ከታች ሲሆን ሌላው የሆድ ዕቃ በግልጽ ይታያል። ፈረስ ግን በቀኝ ጎኑ ይጋደማል። ልምድ ያለው ፓቶሎጂስት የሞቱ ምክንያት ገና ከመጀመሪያው ቢታየው እንኳ ቅደም ተከተሉን አይተውም፤ ምላስ፣ ጉሮሮ፣ ሳንባ፣ ልብ፣ ጉበት፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት፣ አንጀት፣ መገጣጠሚያ፣ አንጎል እያለ ይሄዳል። ጉልህ የሆነው ነገር ዓይንን ይዞ ሌላውን ያስረሳል፤ ቅደም ተከተሉ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ከየአካል ክፍሉ ውፍረቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቁራጭ ተወስዶ፣ ከራሱ አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ቁራጩ ከወፈረ ፎርማሊኑ እምብርቱ ከመድረሱ በፊት መሐሉ ይበሰብሳል። በማግስቱ ውሃው ወጥቶ በፓራፊን ሰም ይተካል፤ በሰሙ የደነደነው ብሎክም ማይክሮቶም በሚባል መሣሪያ 4 ወይም 5 ማይክሮን ውፍረት ባላቸው ስስ ቁራጮች ይላጣል። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከዚያ ሁለት ቀለም ይቀባል፦ ሄማቶክሲሊን የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ። በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ብግነት፣ እጢ፣ መርዝ ያቃጠለው ኩላሊት፣ ትል የቦረቦረው ጉበት ይለያል።

ሪፖርቱ ሁለት ነገር ይይዛል፤ የታየውንና ከታየው የተደረሰበትን። የታየው የሚጻፍበት ወግ ጥብቅ ነው፦ የአካሉ ክፍል፣ የለውጡ ዓይነት፣ ክብደቱ፣ ዕድሜው፣ ስርጭቱ። «ጉበት፤ ከባድ፣ አጣዳፊ፣ በየቦታው የተበታተነ የሕዋስ ሞት» የሚል መስመር ለማያውቅ ሰው ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ለሚያውቅ ግን የበሽታውን መነሻ ግማሹን ተናግሯል። ጊዜያዊው ሐኪም ከሁሉ የበለጠ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። ቋሚው ሰው ሪፖርቱ ግር ቢያሰኝ በማግስቱ ስልክ አንስቶ ያስረዳል። ውሉ ያለቀ ሰው ግን በቢሮው የለም፤ የጻፈው ዓረፍተ ነገር ብቻውን መቆም አለበት።

ሌላው ችግር የአካባቢ ነው። አንድ ፓቶሎጂስት በልቡ የሚይዛቸው በሽታዎች የተማረበት አገር በሽታዎች ናቸው። አፋቸው የቆሰለ፣ የሚያስቀምጣቸውና የሚያስላቸው ፍየሎች ሲመጡለት፣ ቢሾፍቱ በሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተማረ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ደስታ መሰል በሽታን ነው። ብሪታንያ የተማረው ይህን በሽታ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ ሐሳቡ መጀመሪያ ወደ ሌላ ይሄዳል። አገር የሚያቋርጥ ጊዜያዊ ሐኪም ስለዚህ ከመሄዱ በፊት የሚሄድበትን አገር በሽታዎች ቁጭ ብሎ ማጥናት ይገባዋል፤ የነባሮቹን የላቦራቶሪ ቴክኒሻኖች ምክርም መናቅ የለበትም። ብዙ ጊዜ አካባቢውን ከሐኪሙ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

በመድኃኒት ፍተሻ የሚደረገው ቅጥር መልኩ የተለየ ነው። አንድ ኬሚካል ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ አይጦች ለሁለት ዓመት ይሰጣቸዋል። በየቡድኑ 50 ወንድና 50 ሴት፣ በአራት ቡድን 400 አይጥ ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ 40 የአካል ክፍል ቢወሰድ 16,000 ቁራጭ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ዓይን ቢያነበው ይመረጣል። በአንዱ አንባቢ ዘንድ «ቀላል» የሚባለው ለውጥ በሌላው ዘንድ «መካከለኛ» ነውና፣ ንባቡ በመሐል እጅ ከቀየረ በቡድኖቹ መካከል የታየው ልዩነት የመድኃኒቱ ይሁን የአንባቢው አይለይም። ስለዚህ የውሉ ዘመን ከጥናቱ ማጠር የለበትም። ሌላ ፓቶሎጂስትም ከስላይዶቹ የተመረጡትን ደግሞ ያያል፤ የመጨረሻውን ሪፖርት ግን የሚፈርመው የመጀመሪያው አንባቢ ነው።

ዛሬ ስላይዱ በስካነር ተነሥቶ በኮምፒዩተር ስለሚላክ፣ ጊዜያዊው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የሌላ አገር ናሙና ማንበብ ይችላል። ነፍሰ ጡር ለሆነች፣ ልጅ ለምታሳድግ ወይም ከላቦራቶሪ ርቃ ለምትኖር ባለሙያ ይህ ትልቅ በር ነው። ፎርማሊን ለካንሰር የሚያጋልጥ ኬሚካል ስለሆነ፣ ከእሱ መራቁም ጥቅም ነው። የሚቀረው ግን አለ፤ የበድኑ ሽታ፣ የሳንባው ክብደት፣ በቢላ ሲቆረጥ የሚሰማው የጉበት ጥንካሬ በምስል አይላክም።

ክፍያው በቀን ወይም በጉዳይ ቁጥር ነው። የዓመት ፈቃድና ጡረታ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም፤ የሙያ ኃላፊነት ዋስትናውንም ብዙዎች ራሳቸው ይገዛሉ።

ውሉ ሲያልቅ ፓቶሎጂስቱ ሁለተኛ ርክክብ ያደርጋል፤ ያልዘጋውን ጉዳይ ከነሐሳቡ ጽፎ ለተተኪው ይተዋል። የፓራፊን ብሎኮቹና ስላይዶቹ ከነሪፖርቱ በላቦራቶሪው መደርደሪያ ይቀራሉ። ብሎኩ ለአሥርት ዓመታት ስለሚቆይ፣ የተጻፈውን የሚጠራጠር ማንም ባለሙያ እንደገና አስልጦ ሊያየው ይችላል። መደርደሪያው በሽታው ራሱ ከጠፋ በኋላም ያገለግላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በኢትዮጵያ በነበረው ክፉ ቀን የቀንድ ከብቱን የፈጀው የደስታ በሽታ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታውጇል። አሁን የሚሰለጥን ፓቶሎጂስት በሽታውን የሚማረው ከዚያ በፊት የነበሩ ሰዎች ትተውለት ከሄዱት ስላይድና ጽሑፍ ነው።