ልጃችሁን ለእንጨት ሥራ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት መጋዙን እዩት

"አያቴ፣ ክረምቱን እንጨት ሥራ ልማር ነው" አለኝ የልጅ ልጄ፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሊዘጋ ሲል። ዕድሜው 16 ነው። ደስ አለኝ። ድብ ባሕር ትንሽ ከተማ ናት፤ ልጅ ክረምቱን የሚውልበት ብዙ ቦታ የላትም። ሊማሊሞን የሚወጣና የሚወርድ መኪና ሲቆጥር ከሚውል ሙያ ቢይዝ የሚጠላ ወላጅ የለም። "ይቅናህ፣ እጅህን ይባርከው" ብዬ መረቅሁት።

ማታ ግን ያ የመረቅሁት እጅ ከፊቴ አልጠፋ አለ። ነርስ ሆኜ ዕድሜዬን የጨረስሁት ቁስል በማጠብ ነው። መጋዝ የነካው እጅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት እሠራበት በነበረው ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ገባች። ልጁ ያኔ የዛሬውን የልጅ ልጄን ያህል ነበር። አደጋው የደረሰበት ጠዋት ነው፤ እኛ ዘንድ የደረሱት ግን ከሰዓት በኋላ፣ በእግራቸው ነበር። ቀኝ እጁ በእናቱ ነጠላ ተጠቅልሏል። ስፈታው ቁስሉ ላይ የተደፋው ቡና ከደሙና ከሰጋቱራው ጋር ተጋግሯል። እናትየው ቆማ ስታየኝ ቆየችና መቀነቷን ፈታች። በጨው የታሹ ሁለት ጣቶች በጨርቅ ተቋጥረው ነበር። "ሲስተር፣ ስፊልኝ" አለችኝ።

አልተሰፋም። ቁስሉን አጥበን፣ ደሙን አቁመን፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ወግተን ወደ ሆስፒታል ላክነው። እናትየው ጣቶቹን መልሳ ቋጥራ ይዛ ሄደች። ቡናውንም ጨውንም ያደረገችው ከፍቅር ነው፤ ሌላ የነገራት ሰው አልነበረም። ይህን የምጽፈው ለእናንተ የሚነግር ሰው እንዳይጠፋ ነው።

ማሽኑን እንወቀው

የጠረጴዛ መጋዝ የሚባለው መሐሉ የተሰነጠቀ የብረት ጠረጴዛ ነው። ከሥሩ ሞተር አለ፤ በስንጥቁ በኩል ጥርስ ያለው ክብ ዲስክ ብቅ ብሎ ይሽከረከራል። በእጅ መጋዝ ስንሠራ እንጨቱ ይቆማል፣ መጋዙ ይሄዳል። እዚህ ግን መጋዙ ባለበት ይዞራል፤ ወደ ጥርሱ የሚሄደው እንጨቱና እንጨቱን የያዘው እጅ ነው።

ፍጥነቱን አስቡት። የጎን ለጎን ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲስክ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በሰከንድ 47 ሜትር ያህል ይጓዛል። በመኪና ብንለካው በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ዲስኩ 10 ጊዜ ዞሯል። ስለዚህ "ጠንቀቅ በል፣ እጅህን ቶሎ ሳብ" የሚለው ምክራችን ለዚህ ማሽን አይሠራም። እጅ ወደ ዲስኩ የማይደርስበትን ነገር አስቀድሞ ማበጀት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አደጋ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነው፤ እንጨቱ ራሱ ወደ ኋላ ተወርውሮ ይመታል። በእኛ አገር በብዛት የሚሰነጠቀው ባሕር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ይይዛል። ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይፈታና እንጨቱ ይጣመማል። በዲስኩ የተከፈተው ክፍተት መልሶ ይገጥምና ዲስኩን ግራና ቀኝ ይነክሰዋል። ያን ጊዜ የዲስኩ የኋላ ጥርስ እንጨቱን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወደሚገፋው ሰው ይወረውረዋል። ሆድ፣ ደረት ወይም ዓይን ይመታል። አንዳንዴም እጅን ጎትቶ ዲስኩ ላይ ይጥላል።

"ይቺንስ ማን ወሰዳት?"

በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሥራ ቤቱ ሄድሁ። ባለቤቱ ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ነው፤ ሕፃን ሳለ ክትባት የወጋሁት እኔ ነኝ።

"ደህና ዋሉ ሲስተር፣ ይግቡ። ምን እንሥራልዎ? ቁምሳጥን ነው አልጋ?"

"መጋዝህን አሳየኝ ብዬ ነው የመጣሁት" አልሁት። ሳቀ፤ ግን አሳየኝ። ብየዳ ቤት የተሠራ የብረት ጠረጴዛ፣ ሞተርና ቺንጋ ነው። ዲስኩ ላይ ክዳን የለም፤ ቺንጋው ላይም የለም።

"ክዳኑስ?"

"አለ" አለና ከጥግ፣ ከሰጋቱራ ሥር አወጣልኝ። "ሥራ ያዘገያል ሲስተር። መስመሩን ይከልልብኛል።"

እጁን አየሁት። የቀኝ ሌባ ጣቱ ግማሹ የለም። "ይቺንስ ማን ወሰዳት?" አልሁት።

"ይሄው ነው" አለ መጋዙን በአገጩ እያመለከተ። "የጥር ሠርግ ደርሶ ትእዛዝ በዝቶብኝ፣ አምሽቼ ስሠራ ነው። ደክሞኝ ነበር።"

"የራስህን ልጅ እዚህ ታቆመዋለህ?"

ዝም አለ። ቆየና "እሱ ገና ነው" አለኝ። "የእኔም ገና ነው" አልሁት። ከዚያ በኋላ ተቀምጠን እንደ ሰው ተነጋገርን።

በር ላይ ቆማችሁ ምን ትመለከታላችሁ?

እናንተም ልጃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ማሽኑ በሚሠራበት ሰዓት ሄዳችሁ እዩ። የእንጨት ሥራ ማወቅ አያስፈልጋችሁም፤ ዓይን ይበቃል።

መጀመሪያ ክዳኑን እዩ። ዲስኩን ከላይ የሚሸፍን ክዳን አለ? ከዲስኩ ኋላስ ቀጥ ብሎ የቆመ ስስ ብረት አለ? ይህ ብረት የተሰነጠቀው እንጨት መልሶ እንዳይገጥም የሚይዝ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ያለዚህ ብረት ሲሰነጠቅ ካያችሁ ልጃችሁን እዚያ አታቁሙት።

ቀጥሎ መግፊያ እንጨት ፈልጉ። ጫፉ እንደ ደረጃ የተቆረጠ፣ ክንድ የሚያህል ተራ እንጨት ነው። እንጨት ሲያልቅ በእጅ ሳይሆን በዚህ ይገፋል። ዲስኩና እጅ ከአንድ ስንዝር በታች መቀራረብ የለባቸውም። የዲስኩንም ከፍታ ተመልከቱ። ከሚሰነጠቀው እንጨት በላይ የጥርሱን ያህል ብቻ ብቅ ማለት አለበት። ግማሽ ክንድ ወጥቶ ስስ ጣውላ የሚሰነጠቅ ከሆነ የተረፈው ብረት ሁሉ ለጣት የተዘጋጀ ነው።

የሰዎቹን አቋቋም እዩ። የሚገፋው ሰው ከዲስኩ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን መቆም አለበት፤ እንጨቱ ቢወረወር እንዲስተው። እንጨቱ የሚገፋው ጠረጴዛው ላይ በጥብቅ የታሰረውን ማስደገፊያ ተከትሎ ነው፤ እጅን ብቻ አምኖ የሚደረግ ስንጠቃ አደገኛ ነው። ለማጅ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ደግሞ ከማዶ ቆሞ የተሰነጠቀውን መቀበል ነው። ቀላል ይመስላል። ተቀባዩ እንጨቱን ከሥር መደገፍ እንጂ መጎተት የለበትም። ከጎተተ እንጨቱ ይጣመማል፤ የሚገፋውም ሰው እጅ ሳያስበው ወደ ፊት ይሄዳል። ዲስኩ አጠገብ የወደቀችውን ቁራጭ ለማንሣትም ዲስኩ ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ዲስኩ ጥቂት ይዞራል።

መብራቱን አትርሱ። መብራት ሲጠፋ ሠራተኛው ማብሪያውን ሳያጠፋ ሻይ ሊጠጣ ይወጣል። ልጁ ጠረጴዛውን ሊጠርግ ወይም የተነከሰ እንጨት ሊያወጣ እጁን ያስገባል። መብራቱ ይመጣል፤ ዲስኩም ይነሣል። መብራት እንደጠፋ ማብሪያው መጥፋት፣ ሶኬቱም መነቀል አለበት። መብራት ሲመለስ ሰው ካልነካው በቀር የማይነሣ ማብሪያም አለ፤ ባለቤቱን ጠይቁት።

በመጨረሻ ልጃችሁን ራሱን እዩት። በእኛ አገር ጋቢ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ይወደዳሉ። ማሽን አጠገብ ግን የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ገመድ ነው። እጅጌው ይጠቅለል፣ ማተቡ ሸሚዝ ውስጥ ይግባ፣ ቀለበቱ ይውለቅ። ጓንትም ለዚህ ማሽን አይሆንም፤ ጥርሱ ጓንቱን ሲይዝ እጁን አብሮ ይስባል። ለዓይኑ ግን መነጽር ያስፈልገዋል። ከፈረሰ ቤት የመጣ ጣውላ ከሆነ ሚስማሩ ሳይነቀል ወደ መጋዝ አይገባም። ወለሉ ላይ የተከመረ ሰጋቱራና ቁርጥራጭም የሚያንሸራትተው ወደ ዲስኩ ነው።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በጠረጴዛ መጋዝ ተጎድቶ ለድንገተኛ ሕክምና የሚሄደው ሰው በዓመት ከ30 ሺህ በላይ እንደሆነ ይገመታል። እዚያ ቆዳ ሲነካው በ5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ራሱን የሚያቆም መጋዝ ተሠርቷል። ዋጋው ከእኛ ሰፈር ሥራ ቤት የራቀ ነው። የቆርቆሮ ክዳንና መግፊያ እንጨት ግን ከማንም አቅም በላይ አይደሉም።

አደጋ ከደረሰ

አያድርገውና ቢቆረጥ፣ መጀመሪያ ማሽኑ ይጥፋ። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ እጁን ከልቡ በላይ ከፍ አድርጉት። ጨርቁ ደም ቢጠጣ ሌላ ከላይ ጨምሩበት እንጂ እየገለጣችሁ አትዩ። ቡና፣ አመድ፣ ቅቤ፣ ናፍጣ አይደረግም። ቀለበት ካለ እጁ ሳያብጥ ይውለቅ። የተሰካ ስንጣሪ፣ በተለይ ዓይን ወይም ሆድ ላይ ከሆነ፣ አትንቀሉት፤ እንዳለ ወደ ሐኪም ይሂድ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ምግብም መጠጥም አትስጡት።

የተቆረጠውን ጣት ፈልጉ። ቆሻሻ ካለበት በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ አድርጉትና ውኃ በነካው ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት። ውኃ በማያስገባ ፌስታል አድርጋችሁ እሰሩት፤ ፌስታሉን ደግሞ በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ አስቀምጡት። በረዶ ከሌለ ቀዝቃዛ ውኃም ይረዳል። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም፤ ጨው፣ አልኮልና አረቄም አይነካውም። ሳይቀዘቅዝ የቆየ ጣት ለመሰፋት ተስፋ የሚኖረው 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በአግባቡ የቀዘቀዘ ግን እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መልሶ መስፋት ልዩ ቀዶ ሕክምና ስለሆነ በየሆስፒታሉ አይገኝም። ቢሆንም ጣቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባይሰፋ እንኳ ቆዳው ቁስሉን ለመሸፈን ሊጠቅም ይችላል። አደጋው የደረሰበትን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። ከድብ ባሕር ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ መኪና ፍለጋው ደም ከመጫኑ ጋር አብሮ ይጀመር። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ሳትጠይቁም አትመለሱ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛ ነው፤ ሕይወቱን ወይም ጤናውን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ አይሰጠውም። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም አይሠራም። በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ከጎረቤት ጋር ነገር እንዳይበላሽ ብላችሁ አትፍሩ፤ ልጁ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይነካ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። የእኔና የባለቤቱ ወረቀት ስድስት መስመር ብቻ ናት።

የተስማማነውም ይህን ነው። የልጅ ልጄ 18 ዓመት እስኪሞላው ማሽን አይነካም፤ ይለካል፣ በእጅ መጋዝ ይቆርጣል፣ በመላጊያ ይልጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ባለቤቱ ክዳኑን ብየዳ ቤት ወስዶ መሐሉን አስቆርጦ ግልጽ ፕላስቲክ አስገባበት፤ አሁን መስመሩን አይከልለውም። ከዲስኩ ኋላ የሚቆመውንም ብረት አሠራ።

ልጁ የመጀመሪያ ቀን የተሰጠው ሥራ ሁለት መግፊያ እንጨት መሥራት ነበር። መጋዙ አጠገብ ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። በሳምንት አንድ ቀን ጎራ እልና ጫፋቸውን አያለሁ። የጥርስ ጭረት በዝቶባቸዋል። "ሲስተር፣ እነዚህን ልንለውጣቸው ነው፤ አልቀዋል" ይለኛል ባለቤቱ። "እነሱ ይለቁ" እለዋለሁ።