የስጦታ አበባ፦ ትርፉ ከጽጌረዳው ነው ከችግኙ?

አበባ ነጋዴ ከሁሉ የሚፈራው ቀኑ እንዳይመሽበት ነው። ከጎፋ እስከ ጀሞ በተዘረጋው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እቅፍ አበባ ለሠርግ፣ ለምረቃና ለልደት ይታዘዛል። ውጭ አገር ያለ ልጅም ገንዘብ ልኮ እናቱ ደጃፍ ድረስ እንዲደርስለት ያዛል። ሠፈሩ ስሙን ያገኘው ከሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ነውና ትእዛዝ በአየር ሲመጣ አይደንቀውም።

ችግሩ ያለው አቅርቦቱ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ብትሆንም የሆለታና የዝዋይ ጽጌረዳ በዋናነት የሚለማው ለአውሮፓ ገበያ ነው። ለአገር ውስጥ ሱቅ የሚተርፈው በአመዛኙ ግንዱ ያጠረው ወይም ከላኪው ደረጃ የወረደው ነው። የካቲት መጀመሪያ ላይ የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን ሲቃረብ ደግሞ ምርቱ ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይጎርፋል፤ የሠፈሩም ፈላጊ የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። አትርፎ ለመሸጥ አብዝቶ የገዛ ባለሱቅ፣ ሳይሸጥ የቀረው ጽጌረዳ በሳምንቱ ይጠወልግበታል፤ ካፒታሉም አብሮ።

መንገድ ዳር ችግኝ የደረደረው ነጋዴ ስሌቱ ሌላ ነው። ያልተሸጠ ችግኝ ያድጋል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ወጪው ውሃ፣ አፈርና መትከያ ዕቃ ነው። ለታመመ ብርቱካን ይዞ መሄድ የለመደ አዲስ አበቤ፣ በቀናት ውስጥ ለሚጣል እቅፍ ብር ማውጣት ቢከብደው አይፈረድበትም። ለጀሞ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ግን ሥር ያለው ስጦታ ይስማማል። ጣጣው ክብደቱ ነው፤ በሸክላ የተተከለ ችግኝ ራሱን የቻለ የታክሲ ኮንትራት ይጠይቃል። የማድረሻውን ሒሳብ ከአበባው ለይቶ ያልነገረ ባለሱቅ ትርፉን ለሾፌሩ አስረክቦ ይመለሳል።