ያልተነበበው ከበሮ፦ የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያዎች ሙዚቃን እንዴት ይመረምራሉ?

አንድ ልጅ ከበሮ ይመታል። ፍጥነቱ አይለወጥም፣ ድምፁም ከፍ ዝቅ አይልም። አጠገቡ ፒያኖ የሚጫወተው ሰው ሲያፈጥን ልጁ አያፈጥንም፤ ሲያቆምም አያቆምም። ለተራ አድማጭ ይህ ጆሮ የሚያሰለች ድብደባ ነው። የሙዚቃ ሕክምና ባለሙያ ግን ይጠይቃል፦ ልጁ የፒያኖውን ድምፅ ሰምቶ ችላ ብሎት ነው? ወይስ ከነጭራሹ አልሰማውም? ወይስ ያ የማይለወጥ ምት ብቸኛው ምርኩዙ ሆኖበት ነው? ምርኩዝ ከሆነ ምቱን ለማስለወጥ መቸኮል ልጁን ሊጎዳው ይችላል።

ብዙዎች የሙዚቃ ሕክምና ሲባል ለታማሚ ለስላሳ ዜማ ማሰማት ይመስላቸዋል። በበርካታ የሕክምና ክፍሎች የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ታካሚውና ባለሙያው ሳይለማመዱ፣ እዚያው የሚፈጠር ሙዚቃ አብረው ይጫወታሉ። ታካሚው ሙዚቃ መማር አይጠበቅበትም። የሚመረመረውም የዜማው ውበት ሳይሆን፣ ሁለቱ ሰዎች በድምፅ የተገናኙበትና የተለያዩበት መንገድ ነው።

ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት መካከል አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲና ፒያኖ ተጫዋች ፖል ኖርዶፍ እና እንግሊዛዊው የልዩ ፍላጎት መምህር ክላይቭ ሮቢንስ ይገኙበታል። ሁለቱ በ1959 በእንግሊዝ ዉስተርሺር፣ ሰንፊልድ በተባለ የሕፃናት ተቋም አብረው መሥራት ሲጀምሩ፣ ከልጆቹ ጋር የተጫወቱትን በቴፕ እየቀዱ ደግመው ያዳምጡ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ያመለጠ ነገር በቴፑ ላይ ይገኛል። ለቅሶ እንኳ የድምፅ ከፍታ አለው፤ ፒያኖውም በዚያው ከፍታ ሊቀበለው ይችላል። የሚያለቅሰው ልጅ ድምፁን በትንሹም ቢሆን ወደ ፒያኖው ካስጠጋ፣ ለአዳማጩ ያ የመልስ ምልክት ነው።

አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ብሩሺያ ደግሞ በ1987 እንዲህ ዓይነቱን ሙዚቃ በ6 አቅጣጫ የሚያይ የምርመራ ዘዴ አሳተሙ። ከስድስቱ አንዱ የለውጥ መጠንን ይመለከታል፦ የታካሚው ምት ድርቅ ያለ ነው? የረጋ ነው? ወይስ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት ያለ ሥርዓት የሚዘል? ሌላው ማን እንደሚመራ ይጠይቃል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይሆንም፤ በእኛ ዘፈን አውራጅ አለ፣ ተቀባይም አለ። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሚሆን፣ የሌላውን ምት ካልያዘ መጫወት የማይችል ታካሚ አለ። ማንንም ላለመከተል ሲል ሆን ብሎ ከምት የሚወጣም አለ። አንዳንዱ ደግሞ እየመራም እየተከተለም ይጫወታል። የዘዴው ጥንካሬ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ጥሩ ብሎ ነጥብ አለመስጠቱ ነው። ለወራት ዝም ብሎ ሲከተል የቆየ ሰው አንድ ቀን ቢያምፅ፣ ያ አመፅ መሻሻል ሊሆን ይችላል።

ሥራው ጊዜ ይበላል። የአንድ ደቂቃን ቅጂ በሰከንድ እየከፈሉ ማጥናት ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ባለሙያው የሚመርጠው አንዳች ነገር የተለወጠባትን ቅጽበት ነው። በምርጫው ላይ መሳሳትም አለ፤ ተስፋ ያደረገ ጆሮ የሚሻውን ይሰማል። ስለዚህ ሌላ ባልደረባ ቅጂውን ለብቻው እንዲሰማ ማድረግ ይጠቅማል። በክፍሉ ውስጥ የተሰማ ለውጥ ሁሉ ከክፍሉ ውጭ አይታይም። በ9 አገሮች ኦቲዝም ያለባቸው 364 ሕፃናት የተሳተፉበትና በ2017 የታተመ ጥናት፣ ይህ ዓይነቱ ሕክምና በተለመደው እንክብካቤ ላይ ሲጨመር የኦቲዝም ምልክቶችን ክብደት በጉልህ እንዳልቀነሰ አሳይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የአዳማጩ ጆሮ ያደገበት ሙዚቃ ነው። በስደት አገር የሚኖሩ፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በአንቺሆዬ ቅኝት ያንጎራጉራሉ እንበል። ቅኝቱ ሁለት ቦታ ላይ እጅግ የተቀራረቡ ድምፆች አሉት። በምዕራባውያን ሙዚቃ ብቻ የሠለጠነ ባለሙያ ይህን ውጥረት ወይም ጭንቀት ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። እናቲቱ ግን ሠርግ ላይ ናቸው። ጭብጨባቸውም እንዲሁ ነው፤ በስድስት የሚቆጠረውን፣ አንዴ በሁለት አንዴ በሦስት የሚደመጠውን ምት የማያውቅ ሰው እናቲቱ ምት የሳቱ ሊመስለው ይችላል። ትዝታን የሚያዜም ሰው ሁሉም በሐዘን የተጎዳ አይደለም።

ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ ገና ከመጀመሪያው ቤተሰብን ይጠይቃል፦ እናታችሁ የት አደጉ? በልጅነታቸው ምን ይዘፈን፣ ምን ይዘመር ነበር? የትኛውን ዘፈን ሲሰሙ ይነሣሉ፣ የትኛውንስ ሲሰሙ ዝም ይላሉ? ባለሙያው ባይጠይቅ እንኳ ልጆች ሁለት ሦስት ዘፈኖችን በስልካቸው ይዘው ሄደው፣ የቱ የሠርግ፣ የቱ የለቅሶ እንደሆነ ቢነግሩት ቅጂውን የሚሰማበት ጆሮ ይለወጣል።