«ጎበዝ!» መቼ ያበረታል፣ መቼስ ያሰንፋል?

መምህር ደብተር አርመው ሲመልሱ ከሥር «ጎበዝ» ብለው ይጽፋሉ። ተማሪው ደስ ይለዋል፤ ቤት ወስዶም ያሳያል። ግን እስቲ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ልጁ ከዚህ ቃል ምን አወቀ? የትኛው እርምጃ ልክ እንደነበር፣ ነገ የቱን መድገም እንዳለበት ነገረው? ብዙ ጊዜ አልነገረውም።

የሮቶው ኳስ

በምህንድስና «ግብረ መልስ» የሚባል ሐሳብ አለ። በየግቢው የምናየውን የውሃ ሮቶ ውሰዱ። ውስጡ ተንሳፋፊ ኳስ አለች። ውሃው ሲጎድል ትወርድና መስመሩ ይከፈታል፤ ሲሞላ ትወጣና ይዘጋል። ኳሷ የምትጠቅመው ከውሃው ጋር ስለምትንቀሳቀስ ነው። ላይ ተሰክታ ብትቀርስ? ሮቶው ባዶ ሆኖም «ሞልቷል» እንዳለች ትኖራለች።

ለሁሉም፣ ሁልጊዜ የሚባል «ጎበዝ» እንደዚያች ኳስ ነው። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራው ቢያምርም ባያምርም ስለማይለወጥ መረጃ አይሰጥም።

ሙገሳ ሲጎዳ

እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የ5ኛ ክፍል አሜሪካውያን ተማሪዎችን እንቆቅልሽ መሰል ጥያቄ አሠሩ። ከዚያ ገሚሱን «አእምሯችሁ ብሩህ ነው»፣ ገሚሱን ደግሞ «ጥሩ ጥረት አደረጋችሁ» አሏቸው። ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ ሰጧቸው፤ ሁሉም ተቸገሩ። በመጨረሻ እንደ መጀመሪያው ዓይነት ቀላል ጥያቄ ሲመጣ ልዩነቱ ወጣ። በአእምሯቸው የተሞገሱት ከመጀመሪያ ውጤታቸው ዝቅ አሉ፤ በጥረታቸው የተሞገሱት ከፍ አሉ። ውጤታቸውን ለሌላ ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁም፣ ጨምረው የዋሹት ከ«ብሩሆቹ» መካከል በዝተው ተገኙ።

ለምን? «ብሩህ ነህ» የተባለ ልጅ ሲሳሳት ስሙን የተነጠቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ከባዱን ነገር ይሸሻል። «ጥረትህ ጥሩ ነው» የተባለው ግን ስህተቱን «ገና አልጨረስኩም» ብሎ ያነበዋል።

ይሁንና «በርታ» ማለት ብቻውን ተአምር አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2018 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ «ችሎታ በጥረት ያድጋል» የሚል እምነት ማስተማር በትምህርት ውጤት ላይ የሚያመጣው ለውጥ በአማካይ ትንሽ መሆኑን አሳይቷል። በተሳሳተ መንገድ የሚለፋን ልጅ «ልፋትህ ጥሩ ነው» ማለትም ያው የተሰካች ኳስ ናት።

ከቤተ ልሔም የምንማረው

ታዲያ መረጃ ያለው አድናቆት ምን ይመስላል? ምሳሌው ሩቅ አይደለም፤ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ውስጥ አለ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን ሌላ ቦታ የተማረ ሰው እንኳ፣ መምህር ለመባል እዚያ ሄዶ ዜማውን ያስመሰክራል።

የድጓ ተማሪ የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ያዜማል። ከቃላቱ በላይ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት የሚባሉ ምልክቶች አሉ። አንዱን ከሳተ እርማቱ እዚያችው ምልክት ላይ ያርፋል፤ ይመለሳል፣ ይደግማል። የት እንደተሳሳተ ያውቃል፤ የት እንዳቀናም ያውቃል። በመጨረሻ «ተመሰከረለት» ሲባል ቃሉ ክብደት አለው፤ መለኪያው የታወቀ ነውና።

መለኪያ ሲጠፋ የሚሆነውን ሁላችንም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ። አንዱን ጥያቄ ግን አናልፈውም፦ ከወደቁት ስንቶቹ ለዓመታት «ጎበዝ»፣ «ከክፍል አንደኛ» ሲባሉ ኖሩ? ደረጃ ከጓደኞችህ የት እንዳለህ ይነግርሃል እንጂ ከትምህርቱ የት እንዳለህ አይነግርህም።

የድሮው ትምህርት ቤት አለንጋም ነበረበት፤ እሱን አንመልሰውም። የዜማው አባት የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ራሱ ይህን ይነግረናል። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት፣ ትምህርት አልገባ ሲለው መምህሩ አጎቱ ገረፉትና ጠፍቶ ሄደ። የመለሰው ግርፋት አልነበረም፤ ደጋግሞ እየወደቀ ዛፍ ላይ የወጣ ትል ነው።

ክፍል ውስጥ እንዴት ይሁን?

አንደኛ፣ የተሠራውን ነገር በስሙ ጥሩ። «ጎበዝ» ከማለት፣ «ቀመሩን ከመጠቀምሽ በፊት ሴንቲሜትሩን ወደ ሜትር መቀየርሽ ነው ያዋጣሽ» ይሻላል።

ሁለተኛ፣ አታጋንኑ። ለቀላል ሥራ «ድንቅ ነው!» የተባለ ልጅ ወይ አያምናችሁም፣ ወይ ከእሱ ብዙ እንደማይጠበቅ ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ ልጁን ከትናንት ራሱ ጋር አወዳድሩ። «ባለፈው ሁለተኛው መስመር ላይ ቆመህ ነበር፤ ዛሬ እስከ መጨረሻው ሄድክ።» ኋላ ወንበር የተቀመጠውም እንዲህ ያለ አድናቆት ይደርሰዋል።

አራተኛ፣ ቀጣዩን እርምጃ ጨምሩ። «አሁን ደግሞ መልስህን መልሰህ አረጋግጥ።»

70 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይቻላል? ለሁሉም በየቀኑ አይቻልም። ግን በቀን ለአምስት ተማሪ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ቢደርስ በ14 የትምህርት ቀን ክፍሉ ይዳረሳል።

እናንተ ተማሪዎችስ? ቀጣይ ጊዜ «ጎበዝ» ስትባሉ አመስግኑና አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «መምህር፣ የቱ ጋ ነው ጥሩ የሠራሁት?»