ሥራ የፈታ ባትሪ ገንዘብ ይበላል

ሰኔ ሲገባ ሥራ የሚፈታ ንብረት ብዙ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጣና ገዳማት ጎብኚ የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች ገበያቸው ይቀዘቅዛል፤ የግንባታ ማሽኖች ጭቃው እስኪደርቅ ይቆማሉ። ባለንብረቱም ቁልፉን ነቅሎ፣ ሸራ አልብሶ ይሄዳል። መስከረም ጠብቶ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲሞክር ግን ባትሪው ትንፍሽ አይልም። በግንቦት ደህና የነበረው ዕቃ በመስከረም ይጣልና በምትኩ አዲስ ይገዛል። ለመሆኑ ሳይሠራ የተቀመጠን ባትሪ ምን ነካው?

ባትሪ አያርፍም

በጀልባም፣ በመኪናም፣ በጄኔሬተርም ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 12 ቮልት የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ከማናቸውም ሽቦ ጋር ባይገናኝም በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ስለማይቆም ኃይሉ በየቀኑ በጥቂቱ ይቀንሳል። በመጠነኛ የአየር ጠባይ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ያህል ያጣል፤ ያረጀው ደግሞ ከዚህም በላይ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ብክነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል።

ዋናው ጉዳት ግን የኃይሉ መቀነስ ብቻ አይደለም። ኃይሉ ሲቀንስ በውስጥ ባሉት ሳህኖች ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል። ባትሪው ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ሰልፌቱ ተመልሶ ይጠፋል። ለረጅም ጊዜ ከተተወ ግን ጠጥሮ ሳህኑን ይሸፍነዋል፤ ከዚያ ወዲያ ቻርጀር ቢሰኩበትም የቀድሞ ጉልበቱን አያገኝም።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጀልባ ያላቸው ሰዎች በብርዱ ወራት ስለ ባትሪያቸው የሚሰጉት ከበረዶም ጭምር ነው። ባዶ ባትሪ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ረግቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። በእኛ ከተሞች ይህ ስጋት የለም። የእኛ ባትሪ ጠላቶች ሙቀትና ቸልተኝነት ናቸው።

ከመቆሙ በፊት ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ይቀመጥ። ለቻርጅ የሚሰጠው አምፔር ከባትሪው መጠን አንድ አሥረኛ ቢሆን ይመረጣል፤ ለባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 10 አምፔር ማለት ነው። ከቻርጀር ተነቅሎ ለሰዓታት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ማሳየት አለበት።

ሁለተኛ፣ ሽቦው ይነቀል። መጀመሪያ ማይነሱ፣ ቀጥሎ ፕላሱ ይፈታል፤ ሲታሰር ግን ማይነሱ የመጨረሻ ነው። ጀልባ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የዝናብ ውሃ የሚያወጣው አውቶማቲክ ፓምፕ በዚሁ ባትሪ ስለሚሠራ፣ ባትሪው ከተነቀለ ጀልባው ውሃ ሞልቶ ሊሰምጥ ይችላል። ባትሪው ከታሰረ ደግሞ ፓምፑ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጀልባው ወደ የብስ ወጥቶ በደንብ መሸፈን፣ አለዚያም ውሃውን በየጊዜው የሚቀዳለት ጠባቂ ማግኘት ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ከቻርጅ በኋላ ልኩ ይታይ። የጎደለው በተጣራ ውሃ ብቻ ይሞላል፤ አሲድ አይጨመርም፣ የቧንቧ ውሃም አይሆንም። የባትሪው ራስ ተጠርጎ ቫዝሊን ወይም ግራሶ ይቀባ።

አራተኛ፣ ማስቀመጫው ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና አየር የሚያገኝ ይሁን። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ፍንጣሪ ስለሚፈነዳ ሲጋራም ሆነ ምድጃ አጠገቡ አይድረስ። ሲሚንቶ ወለል ባትሪን ይጨርሳል የሚባለው ግን በአሮጌው ዘመን ቀፎ የቀረ ወሬ ነው፤ የዛሬውን የፕላስቲክ ቀፎ አይመለከተውም።

አምስተኛ፣ በወር አንድ ጊዜ ይለካ። ወደ 12.4 ቮልት ሲወርድ እንደገና ቻርጅ ይደረግ። 12 ቮልት ላይ ከደረሰ ወደ ባዶነት ተቃርቧል።

የነጋዴው ድርሻ

ይህ ሁሉ ለባትሪ አስመጪና ቸርቻሪም ይሠራል። አሲድ ተሞልቶ የመጣ ባትሪ እንደ አትክልት ሁሉ የሚበላሽ ሸቀጥ ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርሰው የጅቡቲ ሙቀት ኮንቴይነር ውስጥ የከረመ ባትሪ፣ መጋዘን ሳይገባ ዕድሜው ተነክቷል። አሲዱ ሲሸጥ የሚሞላለት ደረቅ ባትሪ የተሻለ ይቆያል። ባለሱቁ የተመረተበትን ቀን መዝግቦ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ይሽጥ፤ የቀረውንም በየወሩ ይለካ። ገዢውም ከመክፈሉ በፊት በቴስተር ያስለካ። “አዲስ” ተብሎ ከ12.4 ቮልት በታች የሚያሳይ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የከረመ ነው።

የሊቲየም ባትሪ የያዘ ሰው ግን ይህን ምክር እንዳለ አይውሰድ፤ እሱን ለረጅም ጊዜ ለማቆየት ግማሽ ያህል ሞልቶ ማስቀመጥ ይመረጣል።

በክረምቱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቻርጅ የማስደረጊያ ዋጋ ከአዲስ ባትሪ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።