አፈሳ ያልዘጋው መንገድ

በሳዑዲ አረቢያ ሕግ ድንበር ጥሶ የገባን ሰው ያጓጓዘ፣ ያስጠለለ ወይም በማናቸውም መንገድ የረዳ ሁሉ እስከ 15 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል መቀጮ ይጠብቀዋል። ያጓጓዘበት መኪናና ያሳደረበት ቤትም ይወረሳል። የአገሪቱ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይህን ማስጠንቀቂያ በየሳምንቱ ከሚያወጣው የአፈሳ መግለጫ ጋር ይደግመዋል። የመኖሪያ፣ የሥራና የድንበር ሕግ ጥሳችኋል ተብለው የሚያዙት በሺዎች ይቆጠራሉ፤ ድንበር ሲያቋርጡ ከሚያዙት መካከል ብዙውን ጊዜ የሚበዙት ኢትዮጵያውያንና የመናውያን ናቸው። ሕግ ሲጠብቅ ሕገወጥ ስደት ይቆማል ወይ ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አይገኝም፤ ማጥበቁ እዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይቋረጥ ተሞክሯልና።

የሪያድ መንግሥት ለማጥበቅ ምክንያት የለውም ማለት አይቻልም። በ2022 በተደረገው ቆጠራ (አዋጆች ካልሆኑ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ32.2 ሚሊዮን ነዋሪ 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ ዜጋ ነበር። በግሉ ዘርፍ ለረጅም ጊዜ ከአሥር ሠራተኛ ዘጠኙ ገደማ የውጭ ሰው ሲሆን፣ የተማረው የአገሬው ወጣት ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር። በ2011 የተጀመረው ኒታቃት የተባለው መርሐ ግብር ይህን ለመለወጥ ኩባንያዎችን በቀጠሩት የሳዑዲ ዜጋ መጠን በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በፕላቲኒየም ደረጃ መደባቸው። ቀይ የወጣለት ድርጅት የሠራተኞቹን ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ማሳደስ አይችልም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሠራተኛው አንዳች ሳያጠፋ በአሠሪው ቀለም ብቻ ሕገወጥ ሊሆን መቻሉ ነው።

በ2013 የምሕረት ጊዜ ታወጀ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የውጭ ዜጎች ወረቀታቸውን አስተካከሉ፤ አንድ ሚሊዮን ገደማም አገሩን ለቀው ወጡ። ቀነ ገደቡ ኅዳር መግቢያ ላይ ሲያልቅ አፈሳው ተጀመረ። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት የሪያድ ሰፈር በመንፉሐ ግጭት ተነስቶ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች በጊዜያዊ ማቆያዎች ታጎሩ። በአምስት ወር ውስጥ ወደ ቦሌ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን 163 ሺህ ገደማ እንደነበሩ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል። አፈሳው ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የኢትዮጵያ መንግሥት ዜጎቹ ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ አግዶ ነበር። እገዳው የተነሳው በ2018 መጀመሪያ ነው። እናም ለአራት ዓመት ያህል በሕጋዊ መንገድ መሄድ የሚፈልግ ሰው ከአገሩም መውጫ አልነበረውም።

ያ ሁሉ ሰው ከተመለሰ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2017፣ ሪያድ ሁለተኛውን ዘመቻ ስታውጅ በአገሪቱ ያሉት ኢትዮጵያውያን ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ተገምቶ ነበር። ከግንቦት 2017 እስከ መጋቢት 2019 ድረስ 260 ሺህ ያህሉ ተባረሩ፤ በአማካይ በወር ከ10 ሺህ በላይ ማለት ነው። በዚያው በ2019 ግን ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር አቋርጠው የመን የደረሱት ስደተኞች ከ138 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አንዱ በአውሮፕላን ሲመለስ ሌላው፣ አንዳንዴም ያው ራሱ ተመላሹ፣ በጀልባ ይሻገር ነበር።

ይህ መንገድ የምሥራቁ መስመር ይባላል። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከአርሲና ከጅማ የሚነሱ ወጣቶች በአፋር በኩል ሎጊያንና ጋላፊን አልፈው፣ የጅቡቲን ሐሩር በእግር አቋርጠው ኦቦክ ይደርሳሉ፤ ሌሎች በሶማሊያ በኩል ቦሳሶ ይወርዳሉ። ብዙ ጊዜ ደላላው መነሻው ላይ ገንዘብ አይጠይቅም። «ሂድ፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» ይላል፤ ሂሳቡ የሚመጣው የመን ዳርቻ ራስ አል ዓራ ላይ ነው። ስደተኛው ከጀልባ እንደወረደ ሆሽ በሚባል አጥር ግቢ ይታገትና ስልክ ይሰጠዋል። ወላጅ የልጁን ጩኸት በስልክ ይሰማል፤ በሬ ይሸጣል፣ መሬት ያከራያል፣ ዘመድ ያስቸግራል። የተከፈለለት ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰዓዳ ይቀጥላል። የመንን ከ2015 ወዲህ ያወደማት ጦርነት እንኳ ይህን ጉዞ አላስቆመውም።

ድንበሩ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ከእስር የከፋ ሊሆን ይችላል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን በፈንጂ መሣሪያና በጥይት ገድለዋል ሲል ከሰሰ። ሳዑዲ አረቢያ ክሱ መሠረተ ቢስ ነው ብላ አስተባብላለች። የጥብቅነቱ ጣሪያ ይህ ከሆነ፣ ውጤቱም በዚያው ልክ መታየት ነበረበት። የመን የደረሱት ስደተኞች ቁጥር በ2021 ወደ 27,700 ገደማ የወረደው ግን በኮሮና ምክንያት ድንበርና መንገድ ስለተዘጋ ነው። በ2022 ወደ 73 ሺህ፣ ሪፖርቱ በወጣበት በ2023 ደግሞ ከ97 ሺህ በላይ ሆነ።

ቁጥጥር ምንም አይሠራም ማለትም ስህተት ነው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በየመን ላሕጅ የባሕር ዳርቻ በአሻጋሪዎች ላይ ወታደራዊ ዘመቻ ሲከፈት ከጅቡቲ የሚነሳው ጀልባ ቀነሰ፤ በ2024 የመን የደረሱት ወደ 60 ሺህ ገደማ ወረዱ። ነገር ግን አሻጋሪዎቹ ሥራቸውን አልተዉም። ረጅሙንና አደገኛውን የባሕር መንገድ መረጡ። በዚያው ዓመት በመስመሩ ላይ የተመዘገበው ሞት ከ550 በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው በባሕር አደጋ የደረሰ ነው። በነሐሴ 2025 በየመን አብያን ዳርቻ በተገለበጠች አንዲት ጀልባ ብቻ ከ90 በላይ ሰው አልቋል። ተሻጋሪው ሲያንስ በባሕር የሚሞተው በዛ፤ ከድጡ ወደ ማጡ።

አፈሳው ለምን አላለቀም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከድንበሩ ይልቅ በከፋላ ሥርዓት ውስጥ ነው። በዚህ ሥርዓት የሠራተኛው ሕጋዊነት የተንጠለጠለው በካፊሉ፣ ማለትም በአሠሪው ላይ ነው። አንዲት የቤት ሠራተኛ በኮንትራት ሄደች እንበል። ደመወዝ ለወራት ስትከለከል ወይም ስትደበደብ ከቤቱ ትወጣለች። አሠሪዋ በመንግሥት የኢንተርኔት አገልግሎት «ጠፍታለች» ብሎ ያስመዘግባል፤ ሁሩብ ማለት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል። ሌላ ቤት በድብቅ ትቀጠራለች፣ አንድ ቀን ሹርጣ (ፖሊስ) ይይዛታል፣ በሳምንቱ መግለጫ ላይም «የመኖሪያ ሕግ ጥሳ የተገኘች» ተብላ ትቆጠራለች። ድንበር አልጣሰችም፤ በቦሌ በር፣ በቪዛ ነው የገባችው። በመጋቢት 2021 ተግባራዊ የሆነው የሥራ ሕግ ማሻሻያ ሠራተኛ አንድ ዓመት ካገለገለ በኋላ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር ቢፈቅድም፣ የቤት ሠራተኞችን፣ እረኞችን፣ የእርሻ ሠራተኞችንና የግል ሾፌሮችን ከተጠቃሚነት አስቀርቷል። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የተሰማራው ደግሞ በእነዚሁ ሥራዎች ነው።

በዚህ ላይ የአሻራው ጉዳይ ይጨመራል። የተባረረ ሰው አሻራው ይመዘገባል፤ ለሐጅ ወይም ለዑምራ ካልሆነ በቀር ለሥራ ተመልሶ መግባት አይፈቀድለትም። አንድ ወጣት በአባቱ ስም የተበደረውን የሆሽ ገንዘብ ሳይከፍል ባዶ እጁን ወሎ ከተመለሰ፣ ኤጀንሲ ቢሄድ ቪዛ አይወጣለትም። የቀረለት ያው ጀልባው ነው። እገዳው ያቆማል ተብሎ የታሰበውን ሰው ራሱ ለደላላው ያስረክበዋል።

የኢትዮጵያ ሕግም ከዚህ ስህተት ነፃ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 909/2007 እና እሱን የተካው 1178/2012 በሰው ነጋዴና አሻጋሪ ላይ ከባድ ቅጣት ደንግገዋል፤ የመጀመሪያው እስከ ሞት ይደርስ ነበር። ያም ሆኖ በእጅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የመንደሩ ደላላ እንጂ የሆሹ ባለቤት አይደለም፤ እሱ የመን ነው ያለው። በሌላ በኩል ለሕጋዊ ጉዞ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ስምንተኛ ክፍል ያላጠናቀቀች ሴት በኮንትራት እንዳትሄድ ከለከለ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች የገጠር ልጅ ታዲያ ምን ታድርግ? መልሱን ደላላው ያውቀው ነበር። መስፈርቱ የተነሳው በማሻሻያው፣ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ነው፤ አምስት ዓመት ፈጅቷል።

አንድ አገር ማን እንደሚገባበት የመወሰን መብቱ አያከራክርም። ሕጉን ማጥበቅ ካስፈለገም መጀመሪያ መጥበቅ ያለበት ሰውን ከሕጋዊነት ወደ ሕገወጥነት በሚገፋው ላይ ነው፤ ፓስፖርት በሚቀማው፣ ደመወዝ በሚከለክለውና ሁሩብን ለበቀል በሚያስመዘግበው አሠሪ ላይ። አዲስ አበባና ሪያድ በ2022 የ100 ሺህ፣ በ2024 ደግሞ የ70 ሺህ ኢትዮጵያውያንን መመለስ ተስማምተው ወደ ሥራ ገብተዋል። በሚቀጥለው ድርድር የኢትዮጵያ ወገን ከተመላሾች ቁጥር በፊት ሊያነሳቸው የሚገቡ ሁለት ጉዳዮች አሉ፦ የቤት ሠራተኛዋ በሥራ ሕጉ እንድትጠበቅ፣ ከመኖሪያ ፈቃድ ጉድለት በቀር ሌላ ወንጀል የሌለበት ተመላሽም በቪዛ ዳግም እንዲሄድ የአሻራው እገዳ እንዲነሳለት።